መምህር፣ ይምጡ

የመጡብኝ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው። መካነ ሰላም ባለ አንድ ኮሌጅ የተግባቦት ክህሎት የሚባል ትምህርት አስተምራለሁ፤ የዚያን ቀን ርእሳችን ማዳመጥ ነበር። ሁለት የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆሙና አንደኛው በትሕትና፣ «ለአፍታ እንፈልግዎት ነበር» አለኝ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ተማሪዎቼን፣ «እስክመለስ ምዕራፉን አንብቡ» አልኳቸው። ያንብቡት አያንብቡት አላውቅም፤ የተመለስኩት በሌላ ወሰነ ትምህርት ነው።

የተወሰድኩበት ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ከረጢቶቹ ከወጡ ቢቆዩም ሽታው ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል፤ መጀመሪያ ዓይን ያቃጥላል፣ ከዚያ ምላስ ላይ ይቀመጣል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከደጅ ሲጫነን፣ የገዛ ትንፋሻችን ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠብብናል።

የክፍሉ ካቦ፣ እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት አለቃ ማለት ነው፣ የደሴ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አብሽር ቲቸር፤ እዚህ የገባ ሁሉ ነገ እወጣለሁ እያለ ነው የሚያድረው» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። ከጎኑ አስተኛኝ። ከእኛ ማዶ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከማሻ በኩል የመጡ አንድ ሼህ ነበሩ፤ ጢማቸውን በጣታቸው የሚያበጥሩ ሽማግሌ። «መርሀባ ልጄ» አሉኝ። ባይመችም፣ የመጀመሪያውን ቀን ሰው መሀል ነበርኩ።

ነገሩ የተበላሸው በማግስቱ ነው። ጥበቃው ሰው ሲጠራ በሩን በእግሩ ይመታና «ውጣ አንተ!» ነበር የሚለው። እኔን ሲጠራ ግን በሩን ቀስ ብሎ ከፈተና፣ «መምህር፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይምጡ» አለ።

ኃላፊው ቢሮው ውስጥ ወንበር ሰጠኝ። ሻይ አስመጣልኝ። በምን እንደታሰርኩ ስጠይቀው «ይደርሳል» አለና ስለ መንገዱ መበላሸት፣ ዓረብ አገር ስላለችው እህቱ ያወራኝ ጀመር። በመጨረሻ፣ «እዚያ ውስጥ ምን ይባላል?» አለኝ።

«ብርድ ነው ይባላል» አልኩት።

ሳቀና መለሰኝ። ጣቱንም አላሳረፈብኝም።

ስገባ ክፍሉ ዝም አለ። ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ምን አሉህ?» አለ።

«ምንም። ስለ መንገዱ ነው ያወራነው።»

እውነቱን ነው የነገርኩት። ከአፌ ሲወጣ ግን ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ሌላው ተገፍትሮ ይወጣል፣ እያነከሰ ይመለሳል። እኔ «ይምጡ» ተብዬ ወጥቼ ከንፈሬ ላይ የስኳር ጣዕም ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ሻዩን እምቢ ብል፣ «ቢጠጡትም ባይጠጡትም ለውጥ የለውም» አለኝ ኃላፊው። ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ከቢሮ ስመለስ ብርድ ልብሴን በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ተጥሎ አገኘሁት። ያዘዘኝ ሰው አልነበረም፤ እዚያው ተኛሁ። ስንቅ ሲመጣ አብረን እንበላለን፣ የከለከለኝ የለም፤ እጄ ወደ ሳህኑ ሲገባ ግን ወሬው ይቆማል። ዝም ስል «እያዳመጠ ነው» ይላሉ። ሳወራ «ሊያወጣጣን ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ማልኩላቸው። ሹፌሩ ፊቱን ሳያዞር፣ «ያላጠፋ ሰው ምን ያስምለዋል?» አለ።

እያደር እነሱ የሚያዩትን ሰው መምሰል ጀመርኩ። ቀልድ ሲነገር ከሌላው ዘግይቼ እስቃለሁ። ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ ዞሬም ጆሮዬ እነሱ ጋ ነው። ስንቀሳቀስ አንገቴን እደፋለሁ። መስተዋት አልነበረንም። ፊቴን የማየው በእነሱ ፊት ላይ ነበር፤ እዚያ የሚታየኝ ደግሞ ጆሮ ጠቢ ነው። አንዳንዴ ሳላውቀው የተናገርኩት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ ራሴን እመረምር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥበቃዎቹ ድንገት ገቡ። ሌላ ቦታ ሳይፈትሹ በቀጥታ ወደ ሹፌሩ መኝታ ሄዱና፣ ከግድግዳው ሥር የላላውን ብሎኬት ስበው የደበቃትን ትንሽ ስልክ አወጡ። ስለ ስልኳ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሹፌሩን ይዘውት ሄዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲመልሱት መቆም አልቻለም፤ ሰዎቹ ተሸክመው አስተኙት። ውሃ ልሰጠው ብድግ ስል፣ ዓይኑን ሳይከፍት፣ «እጁን ከእኔ አርቁልኝ» አለ።

ስልኳን ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ኃላፊው ሻዩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣ «አሁን እንግዲህ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠልቶዎታል» አለኝ። «ከእኔ ሌላ ማን አለዎት? ቢያጫውቱኝ ይሻልዎታል።»

ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ለካ እነዚያን ሁሉ ቀናት ከእኔ ጋር እየተጨዋወተ የሚያናግረው ክፍሉን ኖሯል። ወንበሩም ሻዩም «ይምጡ»ውም ለእነሱ የተነገረ ነበር።

በነጋታው በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። «መምህር፣ እስቲ ይምጡ።»

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «አልመጣም» አልኩ። «የሚጠይቀኝ ካለ እዚሁ ይጠይቀኝ፤ ሰው እየሰማ።»

ጥበቃው ግራ ገባው። «ኧረ መምህር፣ ምን ነካዎት? ኃላፊው እየጠበቀዎት ነው።»

«እዚህ ይምጣ።»

መቃኑን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጥበቃው ወደ ውጭ አየ፣ መልሶ እኔን አየ። ከዚያ በጫማው ደረቴን ገፋኝና፣ «ተነሥ አንተ!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ» ሲለኝ ልቤን እንዴት እንደቀለለው ለማንም ማስረዳት አልችልም። አልተነሣሁም። በሰደፍ ትከሻዬን መታኝ፤ ሌላ ሰው ተጨመረና እየጎተቱ ወሰዱኝ። ያን ቀን ወንበርም ሻይም አልነበረም።

ሲመልሱኝ ከባልዲው አጠገብ ወደቅሁ። አንድ ልብስ ሰፊ፣ «እንድናምነው የሠሩት ድራማ ነው» ሲል ሰማሁት።  ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሼሁ ተነሡ። ሰዎቹን እየተሻገሩ መጥተው አጠገቤ ቆሙና፣ «ና ልጄ፣ ከእኔ ጎን ተኛ» አሉኝ።

«አመኑኝ?» አልኳቸው።

ጢማቸውን አበጠሩ። «ወላሂ አላውቅም። የሰውን ሆድ የሚያውቅ አላህ ነው። ትሆን ይሆናል፣ ላትሆንም ትችላለህ። ሲሚንቶው ግን ለሁሉም እኩል ነው የሚበርደው።»

የሰሌናቸውን እኩሌታ ለቀቁልኝ።

ሲነጋ ተነሣሁ። ሸሚዜን አራግፌ ለበስኩ፣ ፀጉሬን በእርጥብ እጄ አስተኛሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ሁሉንም እያየሁ፣ «እንዴት አደራችሁ?» አልኩ። ሼሁ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሌላው ዝም አለ። በማግስቱም አልኩ፣ በሌላውም ቀን። አንዳንዶቹ እያደር መለሱልኝ። ሹፌሩ ወደ ሌላ ቦታ እስኪወሰድ ድረስ አንድም ቀን አልመለሰልኝም። ሰላምታዬን ግን አላቋረጥኩበትም።

ያለ ክስ ለቀቁኝ። አሁንም አስተምራለሁ። መምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬ ከተቋረጠ ልቤ ይመታል። ምናልባት ወሬው ራሱ አልቆ ይሆናል። ለማስረዳት አፌን እከፍትና እተወዋለሁ።

ሼሁም ተፈትተዋል፤ ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ማሻ ወርጄ ነበር። ስለ እህሉ፣ ስለ ልጆቻቸው አወራን። ስለ ስልኳ አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። ያመኑኝ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ልጠይቃቸው ብዬ ሄጄ ሳልጠይቃቸው ተነሣሁ። ገበያ ቀን ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ ሚኒባሱ እስኪመጣ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየን፣ እጄን ይዘው ቆሙ።