የተለቀለቀው ሜዳ

ትዕዛዙ አጭር ነበር፤ «መንገዱ ተቆርጧል። ከቡሬ በታች ካለው ሜዳ ቁስለኞቹን በአየር አውጡ።» ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ እኔና ረዳቴ መቶ አለቃ ደሳለኝ በትንሿ አውሮፕላን ተነሣን።

ትንሿን ማሳረፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። መሬት አጠገብ ስትደርስ አልወርድም ትላለች። ሞተሩን ቀንሰህ፣ አፍንጫዋን በቀስታ ቀና አድርገህ፣ እስክትደክም መጠበቅ ነው። የሜዳውን እኩሌታ ሳንጨርስ ቆመች።

አሥራ አንድ ቁስለኞች ሾላ ሥር ተኝተዋል። መጫን የምንችለው ሁለት ብቻ ነው። ሆዱን የተመታው አሥር አለቃ ውበቱ እጄን ያዘኝ። «ሻምበል፣ እኛስ?»

«ነገ በትልቁ አውሮፕላን እመጣለሁ። አንድ ሰው አይቀርም» አልኩት። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

ቁስለኞቹን የሚያስታምሙት ሽማግሌ ገበሬ አያ ሙሉ ነበሩ። «አያ፣ ትልቁ እስከ ሜዳው ጫፍ ይንደረደራል። እዚያ ጫፉ ላይ ያለው ጉብታ ጎማ እንዳይሰብርብን ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው።

«እሱን ለእኛ ይተዉት፣ ጌታዬ።»

ትልቁ ሌላ ፍጥረት ነው። ሞተሩን ቀድመህ ከቀነስክበት እንደ ድንጋይ ይወርዳል፤ ጎማው መሬት እስኪነካ ጉልበት አትነሳውም። ከነካ በኋላ ደግሞ ረጅም ሜዳና ደረቅ መሬት ይፈልጋል፤ አለዚያ ፍሬን አይዝለትም።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። የሜዳው ጫፍ ከላይ ሲታይ ጠቁሯል። አዲስ የተደለደለ አፈር ነው ብዬ አለፍኩት። አረፍን። ፍሬኑ ያዘ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ለቀቀን።

«ሻምበል፣ አይዝም!» አለ ደሳለኝ።

ተንሸራተትን። መሪው እሺ አላለም። ቦይ ውስጥ ገባን። የፊት ጎማው ተሰበረ፤ የግራ ክንፉ ተቀነጠሰ።

ስወርድ እግሬን አዳለጠኝ። እበት ነው። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ጉብታውን ደልድሎ፣ ለእህል አውድማ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ በውኃ በቀጠነ እበት ለቅልቆታል። ገና አልደረቀም። አያ ሙሉ እስከ ክርናቸው እበት እንደሆኑ መጡ።

«ጌታዬ፣ ምን አጎደልን?»

«ምንም፣ አያ። ፍሬኑ ነው» አልኩ።

ሌላ ትልቅ አውሮፕላን አልነበረንም። ትንሿም ያን ጧት ወደ ሌላ ግንባር ተልካለች። መኪና የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። እኔና ደሳለኝ ተረፍን። ከዘጠኙ ስድስቱ እዚያው ሾላው ሥር ሞቱ። ውበቱ አራተኛው ሟች ነው። የሞተር ድምፅ የሰማ እየመሰለው ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ፍኖተ ሰላም እኖራለሁ። እናንተ ልጆች ስለ ጀግንነት ትጠይቁኛላችሁ፤ የለኝም። ገበሬ የሚያውቀውን ሠራ። እንዴት እንደሚያስተካክሉት መጠየቅ የኔ ፈንታ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

አያ ሙሉ ለገበያ ሲመጡ ቤቴ ጎራ ይላሉ። ሁልጊዜ ያን ቀን ያነሣሉ። «እኛማ አንዲት ጉብታ አላስቀረንም ነበር፤ ያ ፍሬን ባይከዳችሁ» ይሉኛል።

«አዎ፣ አያ» እላቸዋለሁ።