ትንፋሽ የማትወስደው ዘፋኝ

ኮሌታ የምንላት ሥራዋ የሸሚዝ ኮሌታ መስፋት ስለሆነ ነው። የደንብ ልብስ በምንሰፋበት ፋብሪካ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ማሽን፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ ሰፍታለች። ስፌቷ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የሾለ ነው፤ ተቆጣጣሪዋ የእሷን ሥራ ሳታገላብጥ ነበር የምታሳልፈው። እኔ ምድር ቤት ጨርቅ እቆርጣለሁ። የምነግራችሁን አብዛኛውን የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው፤ ስትነግረኝ ግን አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም።

ዘፈን ትወዳለች፤ ድምፅ ግን አልተሰጣትም። ልጅ ሳለች ክፍሉ በሙሉ ሲዘፍን መምህሯ መጥታ፣ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ ብላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ዘፍና አታውቅም። ዜማው ግን ከጭንቅላቷ አይወጣም። ማሽኗ ሲንደቀደቅ በእሱ ምት አዲስ ዜማ ታወጣለች፣ ኮሌታው ሲያልቅ ዜማውም ያልቃል፣ ማንም አይሰማውም።

ሴት ልጇ ለትምህርት ሌላ ከተማ ስትሄድ አሮጌ ላፕቶፗን ትታላት ሄደች። ከመሄዷ በፊት አንድ ፕሮግራም ጫነችላት። ዜማውን ስክሪኑ ላይ እንደ ጡብ ይደረድሩታል፣ ከሥሩ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉለታል፣ ከዚያ በኮምፒውተር የተሠራ የሴት ድምፅ ይዘፍነዋል። ኮሌታ መጀመሪያ ሳቀችበት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ተቀምጣ አራት ስንኝ አዘፈነችው፤ ሲያልቅ እንባዋ መጣ። የራሷን ዜማ ከሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እንደዚያ ነው ያለችኝ፣ "ከሰው አፍ"።

ድምፁ ግን የእኛን ቋንቋ አልተማረም። ቀ እና ጠ ከአፉ አይወጡም። "ልቤ ጠፋ" ብላ ስትጽፍለት "ልቤ ተፋ" ብሎ ይዘፍናል። "ፍቅር" ስትለው "ፍክር"፣ "ናፍቆት" ስትለው "ናፍኮት" ይላል። ብትለው ብትሠራው አልሆን ሲላት እነዚያን ፊደሎች እየዘለለች መግጠም ጀመረች። ሦስት ሳምንት ፈጅታ፣ አንድም ቀ፣ አንድም ጠ የሌለበት የፍቅር ዘፈን ጻፈች።

መጀመሪያ የሰማችው ዚፕ ናት። ዚፕ ከአጠገቧ ተቀምጣ ዚፕ የምትሰፋ ጓደኛዋ ናት፤ ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው እንጂ አፏስ ተዘግቶ አያውቅም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከኮሌታ ጆሮ አንዱን ማዳመጫ ነጥቃ ጆሮዋ ውስጥ ከተተችው። እስከ መጨረሻው ቃል ሳትተነፍስ አዳመጠች። ከዚያ፣ ፍቅር የሚለውን ቃል ሳትጠራ ስለ ፍቅር የምትዘፍን፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት አለች። ለመሆኑ ማን ናት ብላም ጠየቀቻት።

ኮሌታ ማሽን ነው ለማለት አፈረች። እንደዚያ ብትላት የሚቀጥለው ጥያቄ፣ ታዲያ ለምን ራስሽ አልዘፈንሽውም የሚል መሰላት።

"የእህቴ ልጅ ናት" አለች። "ሩቅ ነው የምትኖረው።"

በዚያ ቢበቃ ኖሮ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። ዚፕ ግን ዘፈኑን ለፋብሪካው ሰው በየስልኩ ላከች፣ ለእናቷም ወሰደችላቸው። እማማ ሳንባቸውን ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል፤ ራስጌያቸው የኦክስጅን ማሽን ያጉተመትማል፣ ቱቦው ከአፍንጫቸው አይለይም። ዘፈኑን እየደጋገሙ መስማት ያዙ። ቆየት ብለውም ልጅቷን ሳላመሰግናትማ አልሞትም አሉ።

ኮሌታ እሁድ እሁድ ልትጠይቃቸው ትሄድ ጀመር። ስልኳን ትራሱ አጠገብ አስቀምጣ ምስጋናቸውን ትቀዳለች፤ እልክላታለሁ ትላቸዋለች። የሚላክለት ሰው ግን የለም። ቤቷ ትገባና ላፕቶፑን ከፍታ "እማማ ይማርዎት" የሚል አዲስ ስንኝ ታዘፍናለች። በሳምንቱ፣ ይኸው መልስ ልካለች ብላ ታሰማቸዋለች። የእማማ ፊት ይፈካል፣ ዚፕ በሩ ላይ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። ኮሌታ ያን ጊዜ ዓይኗን የምታሳርፍበት ታጣለች። የብርድ ልብሱን ጠርዝ ስፌት ስቆጥር ነበር አለችኝ።

አንድ እሁድ ዚፕ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። እማማ አዲሱን ዘፈን ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ኮሌታ ዞሩ። ንግግራቸው የተቆራረጠ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል፣ ከዚያ ትንፋሽ።

"ልጄ" አሉ፣ "ይቺ ልጅ... መቼ ነው የምትተነፍሰው?"

ኮሌታ ክው አለች። ዘፈኑን ከሰማው ሰው ሁሉ ይህን ያስተዋለ አልነበረም። ስቱዲዮ ውስጥ ትንፋሹን ቆርጠው ስለሚያወጡት ነው አለቻቸው። እማማ "እ" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በዚያ ሳምንት ያደረገችውን ስትነግረኝ ድምጿ ሊሰማኝ አልቻለም፤ ጠጋ ብዬ ነው የሰማኋት። ስልኳን ከአፏ አስጠግታ የራሷን ትንፋሽ ቀዳች። አንዱን ረዘም፣ ሌላውን አጠር አድርጋ ሳበችና በየስንኙ መሃል እየቆረጠች አስገባችው። ውሸቷን ልክ እንደ ኮሌታ፣ ጫፉ እስኪሾል አስተካከለችው። እሁድ ሲሆን እማማ ሰሙና፣ አሁን ገና ሰው ሆነች አሉ። ከዚያም ከወትሮው ረዘም ያለ መልእክት አስቀዱ።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን እማማ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ዚፕ ለመጣው ሰው ሁሉ ያቺን ሩቅ ያለች ልጅ እያነሳች ታመሰግናለች። እናቴን በመጨረሻ ፈገግ ያሰኘቻት እሷ ናት ትላለች። ዘመዶቿ ወደ ኮሌታ እየመጡ፣ የእህትሽን ልጅ ይባርክልን ይሏታል፤ እሷም አሜን ትላለች። እህቷ የወለደችው ወንድ ብቻ ነው።

ዚፕ ሥራ የተመለሰች ቀን መጀመሪያ የጠየቀችው የልጅቷን ስልክ ቁጥር ነው። ሰው እንዳይነግራት፣ እኔው ራሴ ላርዳት አለች። ኮሌታ እጇን ይዛ ክር ወደምናስቀምጥበት ክፍል ወሰደቻትና በሩን ዘጋች።

"የእህት ልጅ የለችኝም" አለቻት። "ኮምፒውተር ነው የሚዘፍነው። ቃሉን የምጽፈው እኔ ነኝ። እማማን ይማርዎት ያልኳቸውም እኔ ነኝ።"

ዚፕ አልጮኸችም። ከመደርደሪያው አንድ የክር ጥቅል አንስታ መልሳ እያስቀመጠች፣ "እናቴ ስታመሰግን የከረመችው ማንን ነው?" አለች።

በሩንም ራሷ ከፍታ ወጣች።

በማግስቱ ዚፕ ወደ ሌላኛው ረድፍ ተዛወረች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም፣ ያቺ ወሬ የማያልቅባት ሴት። ኮሌታን የገደላት ይሄ ነው። ፎቁን በሙሉ ሰብስባ ብታዋርደኝ በወደድኩ ትላለች። ኮሌታዎቿ መጣመም ጀመሩ፤ ተቆጣጣሪዋም ሥራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰችባት።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዚፕ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"የእናቴ መልእክቶች አሉሽ ወይስ አጠፋሻቸው?"

ነበሩ፣ ሰባቱም። ኮሌታ ለማጥፋትም ደግማ ለመስማትም አቅም አልነበራትም። ክር ክፍሉ ገብተው አንድ በአንድ አዳመጧቸው። እማማ ለማያውቋት ልጅ፣ ለልጃቸው ነግረው የማያውቁትን ነግረዋታል። በወጣትነታቸው ዘፋኝ መሆን ይመኙ እንደነበር፣ አባታቸው እንደከለከሏቸው። ሴት ልጃቸው ትንሽ ሳለች ስትዘፍን ዝም በይ እያሉ እንዳሳደጓት፣ ያም እንደሚቆጫቸው። በመጨረሻው መልእክት ላይ "ማንም ሁኚ ማን፣ ሳትሰለቺ መጥተሽ አጫውተሽኛል" ይላሉ። መጥተሽ ነው ያሉት፤ ልከሽ አላሉም።

ዚፕ ይህችን ቃል መልሳ አሰማች። ከዚያ ሁሉንም ወደ ስልኳ አስልካ፣ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች።

እማማ ሳያውቁት አልቀሩም፣ ይሄ አያጽናናሽም ወይ አልኳት ኮሌታን።

"እንዲያውም ይብሳል" አለች ኮሌታ። "አየር አጥሯቸው እንኳ የእኔን እፍረት ሲሸፍኑልኝ ነበር ማለት ነዋ።"

ዚፕ ወደ ድሮው ቦታዋ አልተመለሰችም። ጠዋት ጠዋት ግን ሰላም ይባባላሉ፤ አንዳንዴ ክር ይዋዋሳሉ። ኮሌታም ዘፈኑን ስልካቸው ላይ የያዙትን ሰዎች እየዞረች፣ ዘፋኟ ማሽን ናት፣ የእህት ልጅ የለችኝም ማለት ጀመረች። የሳቀባት አለ፣ ዘፈኑን ያጠፋ አለ፣ አሳዪኝ ያላትም አለ። እኔ ለወንድሜ ሠርግ የእህቷን ልጅ እንድትጠራልኝ ልለምናት ስል ነው ቀድማኝ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ የመጣችው። ከነገረቻቸው አሥራ አንደኛው ሰው ነበርኩ።