ከውስጥ የሚቆለፍ በር

ዌስት ሴንት ፖል የገዛነውን አሮጌ ቤት የውስጥ በሮች እጀታ እየቀየርኩ ነው። የመጀመሪያውን ብሎን በካቻቪቴ ፈትቼ ሳወጣ የናሱ ሽታ እጄ ላይ ቀረ። አባዬ ትዝ አለኝ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አባዬ አገር ቤት ለዓመታት ታስሮ ስለነበር፣ ተሰደን ሴንት ፖል ከተማ በተከራየነው ቤት ውስጥ አንድም ክፍል እንዲቆለፍ አይፈልግም ነበር። ቁልፎቹን ሁሉ የነቀላቸው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ጓደኞቼ ሁሉ የሚቆለፍ ክፍል አላቸው ብዬ አለቀስኩ፤ ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍ ያለው አዲስ እጀታ ገዝቶ መጣ።

"ራስሽ ግጠሚው" አለኝ። ካቻቪቴውን አቀበለኝ። "ከውስጥ ይሁን እንጂ ግድ የለም፣ ልጄ። ሰውን የሚገድለው ከውጭ የሚቆለፍ በር ነው።"

ገጥሜ እንደጨረስኩ ገባሁና ቆለፍኩት። አባዬ ግን አልሄደም፤ በበሩ ሥር ጥላው ይታየኛል።

"አለሽ?" አለ ቀስ ብሎ።

"አለሁ፣ አባዬ" አልኩት። አልከፈትኩለትም።

ዛሬ ልጄ ከኋላዬ መጥታ "ማሚ፣ ይሄኛው ሎክ ያደርጋል?" ስትለኝ፣ "አዎ፣ ከውስጥ ይቆለፋል" አልኳትና ካቻቪቴውን አቀበልኳት።