የጉዴ ቋጠሮ

የነጠላዋን ጫፍ ተመልከቱ። ፊቷን ተዉት፤ ፊቷ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ በእንባ የራሰ ነው። ጫፉን እዩ። ከብብቷ ሥር ሸሸግ ያደረገችው፣ የሕፃን ጡጫ የሚያህል ቋጠሮ አለ። ውስጡ ንፍሮ ነው፤ ስንዴና ባቄላ፣ ገና ከድስት የወጣ። ግለቱ ጎኗን ይፈጃታል። እሷ ግን አትነካካውም፤ ሰው ያያላ።

ሴትዮዋ ጉዴ ትባላለች። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ ግን ያው አምቦ በሆነችው ከተማችን ሙሾ አውራጅ ነበረች። ባሏ ቦጂያ፣ ጭልሞ ደን ውስጥ እንጨት ሲቆርጥ ዛፍ ወድቆበት ሞቷል። ግንዱ የመንግሥት ነበር፤ ሬሳው የጉዴ። ከዚያ ወዲህ ልጆቿን ይዛ ሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ ጣራዋ በምታፈስ የቀበሌ ቤት ኖረች። ጥጥ ትፈትላለች፤ ግን በዚያ ዓመት ነጠላ የሚያሠራ ማን ነበር? የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያመጣ ሰልፍ ትቆማለች፤ ድርሻዋን እዚያው በር ላይ ለነጋዴ አሳልፋ በምትኩ አንድ ጣሳ የባኮ በቆሎ ትቀበላለች። ልጆቿ የስኳርን ስም እንጂ ጣዕሙን አያውቁም ነበር።

ድምፅ ግን ነበራት። ለአማርኛው ቤት በአማርኛ፣ ለኦሮምኛው ቤት በኦሮምኛ ታወርዳለች። ሁለቱም የሚነገርበት ቤት ከሆነ፣ አምቦ ደግሞ አብዛኛው ቤት እንዲያ ነው፣ ግጥሙን በአንዱ ጀምራ በሌላው ትደፋዋለች። ከመግባቷ በፊት አጥሩ ጋ ቆም ትልና የሟቹን አባት፣ አገሩን፣ የሚወደውን በሬ ቀለም ሳይቀር ትጠይቃለች። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ታስለቅሳለች። ለዚህ ማንም አይከፍላትም፤ ለሙሾ መክፈል ነውር ነው። የምታገኘው ለቀስተኛ ሁሉ የሚያገኘውን እፍኝ ንፍሮ ነው። ሌላው ሰው ይቅመዋል፤ እሷ ትቋጥረዋለች። ቤት ስትደርስ ሰፌድ ላይ ትዘረግፈዋለች፤ ልጆቿ ከበው ይለቅማሉ። የልጆቿ ራት የሰው ሞት ነበር ማለት ነው። የሚሰቀጥጠው ሰው ካለ ይሰቅጥጠው።

ሰፈሩ ያውቃል። ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ይነካኳታል።

«ጉዴ፣ ሞት ይሸትሻል እንዴ? ከሬሳው ቀድመሽ እኮ ነው የምትደርሺው!»

«ምን ላድርግ እናቴ! እሱ ምሳውን በልቶ ነው የሞተው፤ እኔ ገና ነኝ።»

ይስቃሉ። ሳቁ ውስጥ ግን ጥርስ አለ።

ጉዴን ከቤት የሚያወጣት የእድሩ ጡሩምባ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይነፋል፤ ድንኳኑ የተተከለበት ግቢ ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው። አባት አያት የሚያውቀው ሥርዐት ይኸው ነው። በዚያ ዓመት ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደግፌ ጡሩምባውን ከእነነፊው ወሰደው። ለስብሰባም፣ ለመዋጮም፣ ለሬሳም ያው ጡሩምባ ሆነ። ድንኳኑም እንዲሁ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ተሬፋ እምቢ አላሉም። እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ይሁን። ግን ሰውየው ፈገግ ብለው ነው የሰጡት።

አንድ ማለዳ ጡሩምባው ጮኸ። ቤት ውስጥ ከትናንት ጀምሮ የተበላ ነገር አልነበረም። ጉዴ ነጠላዋን ለለቅሶ አጣፍታ ወጣች። ድንኳኑ በባየሽ ግቢ ተተክሏል። ባየሽ ጉታ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላት፣ ጠላ ጠምቃ የምታሳድግ መበለት ናት። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ታለቅሳለች፤ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ጉዴ ሁልጊዜ አጥሩ ጋ ትቆምና ትጠይቅ ነበር። ያን ቀን አልቆመችም። ንፍሮው ሳያልቅ ልድረስ ብላ ነው። ረኃብ ሙያዋን አስረሳት። ደረቷን እየደቃች ገባች፦

«ጉታዬ ወዴት ነህ፣ ቤቱ ባዶ ቀረ፤
የእናትህ ምሰሶ ዛሬ ተሰበረ!»

ማንም አልተቀበላትም። ቀና ስትል ጉታ ራሱ ከአግዳሚው ላይ ተነሥቷል፤ ጉንጩ በዳቦ ተወጥሯል።

«አዴ ጉዴ፣ ኧረ ቀስ! ዳቦዬን እንኳ ሳልጨርስ?»

የወታደር ሽኝት ነበር። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ጉታን መርጦት ነበር። ለምን እሱን? አባት ስለሌለው፣ ተሟጋች ስለሌለው ነዋ! የሊቀመንበሩ ልጆች እዚያው ድንኳን ውስጥ ዳቦ ያድሉ ነበር።

አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረ፤ የባየሽ ጩኸት አስቆመው።

«ልጄን በቁሙ ቀበርሽው! አፍሽን ይዝጋው! ሟርተኛ!»

ጓድ ደግፌ ተነሣ። «ይቺን ሴትዮ ማን ነው የላካት? በዘማች ሽኝት ላይ ሙሾ! ይሄ የጠላት ሥራ ነው።»

«ማንም አልላከኝም ጓድ ሊቀመንበር። ጡሩምባው ጠራኝ። ድንኳኑም የለቅሶ ድንኳን ነው።»

«የድል ድንኳን ነው!»

«ተዋት ጓድ፣ ድምጿ ግሩም ነው» አለ ጉታ። ቀረብ ብሎ ዳቦውን ገመሰና በእጇ አስያዛት። «አዴ ጉዴ፣ የቀረውን ስመለስ ትጨርሺልኛለሽ።»

ጉዴ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ዳቦውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። እጇ ለምዶባት ነው። ከተማው ከሙሾው ይልቅ ይህችን ቋጠሮ ያዘባት። «በቁሙ አልቅሳ ተዝካሩን ቋጥራ ሄደች» ተባለ።

ቀበሌው እስኪመሽ አስሮ ለቀቃት። የባሰው ኋላ መጣ። ኦቦ ተሬፋ ደጇ ድረስ ሄደው፣ ሳይቀመጡ ነገሯት።

«አዴ ጉዴ፣ እድሩ ወስኗል። ከእንግዲህ ድንኳናችን እንዳትገቢ።»

«ኦቦ ተሬፋ፣ ልጆቼስ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል።»

«እግዜር ካወቀ እድሩን ለምን አቋቋማችሁት?»

ኦቦ ተሬፋ ዞረው ሄዱ። ውሳኔውም ጸና።

ከዚያ በኋላ ጉዴ ለለቅሶ ጉደር ድረስ በእግሯ ትሄድ ጀመር። የዚያ ጡሩምባ አይሰማትም፤ ከመኪና ከሚወርድ ሰው ወሬ እየለቀመች ነው። አንዳንዴ ትደርሳለች፤ አንዳንዴ ተቀብሮ፣ ተበልቶ፣ ሰው ተበትኖ ይጠብቃታል። ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ከወንዙ ዳር ሳማ እየለቀመች ቀቀለች፤ ልጆቿ አፋቸው እየተላጠ በሉት። የታናሽዬው የነገራ እግር አበጠ። በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀር ነበር። ጎረቤት ሁሉ አይቷል። «ምስኪን» ብሏል። «ምስኪን» የምትለው ቃል ሆድ ትሞላ ቢሆን ኖሮ አምቦ ውስጥ የሚራብ አይኖርም ነበር።

ጉታ ደብዳቤ አልላከም። መስከረም ጠብቶ ብዙ ሳይቆይ፣ ክንዱን ያጣ የባኮ ልጅ በአውቶብስ መጥቶ የጉታን ሞት ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው፤ አብረው ተዋግተዋል፣ ሲቀበርም አይቷል። ጎህ ሲቀድ ለባየሽ መርዶ ተነገራት፤ ጡሩምባው ተነፋ፤ ያው ድንኳን እዚያው ግቢ ተተከለ።

ጉዴ ጡሩምባውን ሰማች። ከደጇ አልተነቃነቀችም።

ባየሽ ደግሞ እንባ እምቢ አላት። ዐይኗ ደርቆ፣ አፏ ተለጉሞ ተቀመጠች። ሴቶቹ ቢያወርዱ ቢያወጡ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ አንድ ነገር ተናገረች።

«ጉዴን ጥሩልኝ።»

«ያችን ሟርተኛ?»

«ሟርተኛ አይደለችም። ልጄን እየቀበርነው እንደነበር ያወቀች እሷ ብቻ ነች። እናንተ ዳቦ ትበሉ ነበር።»

ኦቦ ተሬፋ እንደገና ያንን ደጅ ረገጡ።

«ጡሩምባው ዛሬ ለምንድን ነው?» አለች ጉዴ። «ለስብሰባ ነው ወይስ ለሰው?»

«ለጉታ ነው» አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው።

ያን ቀን አጥሩ ጋ ቆመች፤ የምታውቀውንም ሁሉ እንደገና ጠየቀች። ከዚያ ያችኑ ግጥም አወረደች፤ የቀረውንም በኦሮምኛ፣ ልጁ እንዳዘዛት፣ ጨረሰችለት። ባየሽ ጮኸች። ስታለቅስ ዋለች። ንፍሮው ሲዞር ሐዘንተኛ ከመደቡ አይነሣም፤ እሷ ግን ተነሣች። ድስቱን ከሴቶቹ እጅ ነጥቃ የጉዴን ነጠላ ጫፍ በገዛ እጇ ሞላችው። የድንኳኑ ሰው ሁሉ አፍጥጦ ያይ ነበር።

እገዳው በዚሁ ቀረ። የነገራም እግር ቀስ በቀስ ጎደለ። ከተማችን ይህን እንደ ዕርቅ ታወራዋለች። ምን ዓይነት ዕርቅ ነው? አንዱ ልጅ እፍኝ ንፍሮ እንዲያገኝ ሌላው ልጅ መሞት ነበረበት። ስለ ሟርት እስከ ዛሬ ይወራል፤ በዚያ የሽኝት ማለዳ ጡሩምባውን ያስነፋው ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ የነጠላዋን ጫፍ የምትቋጥር ሴት ካያችሁ ፊታችሁን አዙሩላት። እኔ እዩ ያልኳችሁ እዚህ ወሬው ውስጥ ነው፤ እዚያ አትዩ። ሳህኑ እናንተ ጋ ሲደርስ ደግሞ፣ ቤታችሁ ምሳ ካለ፣ አትዝገኑ። ወደ እሷ አሳልፉት።