ከኪዳነ ምሕረት በላይ ያለው መንገድ

ሐመልማል በ2003 ዓ.ም. ወሰን አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀጠረች። እናቷ ብርቄ ከጓደኞቿ ጋር እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርድበት ስውር መንገድ በየትኛውም ካርታ ላይ አልነበረም። ሴቶቹ ሸክም የሚያሳርፉበት ቦታ ሁሉ ግን ስም አለው። ስሙ የሚኖረው በአፋቸው ብቻ ነው፤ እነሱ ሲያልፉ አብሯቸው ሊቀበር መሆኑ ሐመልማልን እንቅልፍ ነሣት።

ከሰማይ የተነሣ የምድር ፎቶ ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ስታውቅ ደስታዋን አልቻለችውም። ሥራው እንዴት ቀላል መሰላችሁ! ፎቶውን ማቅረብ፣ በባሕር ዛፉ መሐል የቀጠነችውን መስመር መከተል፣ ቦታው ላይ ምልክት አድርጎ ስሙን መጻፍ፣ ከዚያ ለሁሉም ክፍት ማድረግ። እሑድ ከሰዓት እናቷን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻት።

«ይቺስ ምንድን ናት፣ እማ?»

«እሷማ እፎይ ናት፤ ቁልቁለቱ የሚያልቅባት። ትንሽ ከፍ በዪ... ይኸው፣ ወለተማርያም የወደቀችበት። እንደ ተሸከመች ቀረች፣ ምስኪን።» ብርቄ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። «ከላይ እንዲህ እንታያለን እንዴ? ጉድ እኮ ነው!»

ከኪዳነ ምሕረት በታች ያለውን ጨርሰው የላይኛውን ለሌላ እሑድ አቆዩት።

ካርታው ከሰው ወደ ሰው ተዛመተ። «የኔም እናት በዚህ ወርዳለች» ብሎ የሚጽፍ ሲገኝ ሐመልማል ለእናቷ ታነብላት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ሴቶቹ ባዶ ጀርባቸውን ተመለሱ። ያን መንገድ አግኝተውት የማያውቁ የደን ጠባቂዎች ከቁልቁለቱ ግርጌ ተቀምጠው ጠብቀዋቸው፣ እንጨቱንም ገመዱንም ወሰዱባቸው። አንደኛው እየሣቀ፣ «እናቶች፣ ዛሬ እፎይ ላይ አታርፉም?» አላቸው።

የብርቄ የሸክም ጓደኛ ሰዓዲያ ዘወር አለች። «ስሟን ማን ነገረው?»

ብርቄ ቤቷ ገብታ የሆነውን ለልጇ ነገረቻት።

ሐመልማል ካርታውን የዚያኑ ዕለት አጠፋችው፤ ሆኖም ብዙዎች ወስደው በየገጻቸው ለጥፈውት ነበር። ሴቶቹ ሌላ መውረጃ ፈለጉ። ብርቄን ግን አልጠሯትም።

ክረምቱ ሲወጣ ሐመልማል፣ «እማ፣ የላይኛውንስ? ለማንም አላሳይም» አለቻት።

ብርቄ ጎመን መቀንጠሷን አላቆመችም። «ረሳሁት፣ ልጄ።»

እንዳልረሳችው ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ብርቄ ከሁለት ዓመት በኋላ ስታርፍ፣ ሰዓዲያ ከቀብሩ አልቀረችም፤ ሐመልማልን አቅፋ አለቀሰች። የላይኛውን ስሞች እሷም ታውቃቸዋለች። ሐመልማል አልጠየቀቻትም።