አያ ዛኪር ያረዱት በሬ

መርሳ ውስጥ ሠርግ የደገሰ ቤት ሁሉ በሬውን የሚያሳርደው በአያ ዛኪር ነው። ቁጡ ናቸው፤ ቢላዋቸውን ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም። አርደው ሲጨርሱ ራሳቸው አጥበው ሰገባው ውስጥ ይከቱታል።

ዓምና የአንጀት ካንሰር ይዟቸው ደሴ እየተመላለሱ ኬሞ ወሰዱ። ሐኪሟ «መድኃኒቱ ሐሳብ ይበትናል፣ ያስረሳል፤ ብዙ ሰው ግን ቀስ በቀስ ይሻለዋል» ብላቸው ነበር። ይህን ለሚስታቸው ለሀስና እንኳ አልነገሩም። የሚረሳ አራጅ ማን ይጠራል?

ትናንት ጎረቤታቸው ኡበይደላ ልጁን ዳረ። በሬው ተጥሎ ታረደ። ሥጋው መበለት ሲጀምር አያ ዛኪርን ድንገት ብርድ ብርድ አላቸው። ሲያርዱ ቢስሚላህ ብለው ነበር? ቢያስቡ ቢያስቡ ትዝ የሚላቸው ነገር የለም። ይህን ሁሉ እንግዳ ሐራም ላበላው ነው አሉ በልባቸው።

የበሬውን ቀንድ ይዞ የነበረውን ኡበይደላን ወደ ጥግ ሳቡት።

«ቢስሚላህ ስል ሰምተኸኛል?»

«ምን ነካዎት አያ? ጮክ ብለው አይደል እንዴ ያሉት! ሁላችንም ሰምተናል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ፍርሃቱ ግን ባሰባቸው። አፋቸው ያን ሲናገር እሳቸው የት ነበሩ?

እጃቸው ሥራ ቢይዝ የሚሻላቸው መስሏቸው ውሃ አስቀዱና ቢላዋውን ሊያጥቡ ቁጢጥ አሉ። ከወገባቸው ሰገባውን ፈትተው ቢላዋውን መዘዙት።

ታጥቦ ደርቋል።