የተነካ መሬት

አያቴ በጠላት ጊዜ ጠገራ ብር በማድጋ ሞልቶ ቀብሯል የሚለው ወሬ በቤታችን ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል። ልጆቼ ያልለፉበትን ሲጠብቁ እንዳያረጁ ብዬ ወሬውን ሳጣጥል ኖርኩ። ዘንድሮ ግን ገብሱ ከታጨደ በኋላ ታላቁ ልጄ ከራቤል ከተማ የተቀበረ ነገር የሚፈልግ አንድ ባለመሣሪያ ይዞ መጣ።

"ቢገኝ የመንግሥት ነው፤ ታስረክባለህ" አልኩት።

"መጀመሪያ ይገኝ እንጂ፣ አባዬ።"

አልከለከልኩትም። መከልከል ራሱ ደክሞኛል። የፈራሁት ለአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከበጎቹ ጋጣ ጀርባ ላለችው ቁራሽ መሬት። እዚያ ያለችው የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ስለሞተች ቤተ ክርስቲያን አልወሰድናትም፤ እኔው ቆፍሬ ቀበርኳት። ከእሷ በኋላ ለተወለዱት አልነገርናቸውም።

መጀመሪያ በብረት ጠቋሚው ዞሩ። ጫፉ ላይ ሳህን የሚያህል ክብ ነገር ያለው ዘንግ ነው። ማሳው ውስጥ ሲገባ መጮኹን አላቆመም። ስብርባሪ ማረሻ፣ የዛገ ልጓም፣ ቀለህ፣ ሚስማር አወጡ።

"አባቴ፣ እዚህ የሚዘራው ገብስ ነው ብረት?" አለ ባለመሣሪያው።

"ማረሻ የሚሰበረው ሲታረስ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ምንም አይሰብርም" አልኩት። ነገሩ ለልጄ ነበር፤ ልጄም ገብቶት ሳቀ።

ከጋጣው ጀርባ መሣሪያው ድምፅ አላሰማም። ሰውነቴ ቀለል አለኝ።

በማግስቱ ራዳር የሚሉትን እንደ ጋሪ እየገፉ መጡ። ፊደልም ሆነ ሌላ ነገር የተማርኩት ሰው እየጠየቅኩ ነውና ስለዚህም ጠየቅኩ።

"ይሄኛው ብረት ብቻ አይደለም የሚለየው" አለኝ ባለመሣሪያው። "አፈሩ አንዴ ከተቆፈረ፣ ቢደፈንም ይታወቅበታል። አንዲት ሳንቲም ብቻዋን ብትሆን ሊያልፋት ይችላል፤ ማድጋ ግን አያመልጠውም።"

ሲገባኝ ቀድሜያቸው ወደ ጋጣው ጀርባ ሄድኩ።

ማሳው ድንጋያማ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሁሉ ተዘበራረቀበት። ከጋጣው ጀርባ ሲደርስ ግን ቆመ። "እዚህ ጋ አፈሩ ተነክቷል። ትንሽ ነው፣ የማድጋ ያህል።"

ልጄ ዶማውን አነሳ።

"ተው" አልኩት።

"ምን አለበት?"

የድሮ የእህል ጉድጓድ ነው ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር። ግን ዕድሜ ልኬን አትዋሹ እያልኩ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ።

"እህትህ ናት። ከእናንተ በፊት የተወለደች።"

ዶማውን ቀስ ብሎ አወረደ። ባለመሣሪያው ራዳሩን አጥፍቶ ወደ ማሳው ሄደልን። እናቱ የጋጣው በር ላይ ቆማ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምታለች። ልጄ ወደ እሷ ዞረ።

"ማን ነበር ስሟ፣ እማዬ?"

"ክርስትና አልተነሳችም፤ ስም አልወጣላትም" አልኩ እኔ።

"እኔ ግን እጠራት ነበር" አለች።

ለልጇ ነገረችው። ያን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ ሰምቼው የማላውቀውን ስም ከእሱ ጋር እኩል ሰማሁ።